ሦስት እርግብ፣ አንድ ቁና

እናቴ ደብረ ማርቆስ ገበያ እህል ትነግዳለች። ገበሬ ጤፍ ሊሸጥላት የራሱን ቁና ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ቁናውን ትገለብጠዋለች። ቂጡ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንደሆነ በጣቷ ዳሰስ ታደርጋለች። ከዚያ በራሷ ቁና ደግማ ትሰፍራለች። ሰውየውን ጠርጥራው አይደለም። ሁለት ቁና አንድ እንደማይሆን ታውቃለች፣ አለቀ።

እኔ ልጇ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሦስት እርግብ ዝርያዎችን ተደጋጋሚ ዲኤንኤ ሳወዳድር ግን የቁናውን ነገር ረስቼ ሁለት ወር ሙሉ በውሸት ውጤት ስፈነድቅ ከረምኩ። ይህን ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ እንዳትደግሙት ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

ተደጋጋሚው ምኑ ነው?

የወፍ ጂኖም ማለት የዲኤንኤዋ ሙሉ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቹም ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ ናቸው። በውስጡ አንዳንዱ ጽሑፍ አንዴ ብቻ ይገኛል። አንዳንዱ ደግሞ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ተደግሞ ይገኛል። ድግግሞሹ በሁለት መልክ ይመጣል።

አንዱ እንደ መቁጠሪያ ነው። አንድ ዓይነት ፍሬ ከአንድ ዓይነት ፍሬ ቀጥሎ ተሰክቶ ይሄዳል። ይህን ሳተላይት ዲኤንኤ እንለዋለን። ለምሳሌ ዶሮ ውስጥ 41 ወይም 42 ፊደል የሚረዝም ፍሬ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ከዶሮ ቀይ የደም ሴል ተለይቶ የታወቀ ነው። በተለይ ትንንሾቹ ክሮሞዞሞች ላይ ይበዛል። 41 ቁጥርን ስታዩ የእግዚኦታው መቁጠሪያ ትዝ ካላችሁ እኔም ትዝ ብሎኛል። ግን አጋጣሚ ነው፤ እዚህ 41 የአንዱ ፍሬ ርዝመት ነው እንጂ የፍሬው ብዛት አይደለም።

ሌላው እንደ ቁም ጸሐፊ ሥራ ነው። አንድ አንቀጽ ይገለበጥና ግልባጩ ሌላ ገጽ ላይ ይገባል። ከዚያ ግልባጩም ይገለበጣል። ወፎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሲአር1 የሚባለው ነው። በድሮ ዘመን ወፎችን አጥቅተው ጂኖማቸው ውስጥ የቀሩ ቫይረሶችም የዚሁ ወገን ናቸው።

ወፎች በዚህ ረገድ ቆጣቢ ናቸው። የሰው ጂኖም 3 ቢሊዮን ፊደል ገደማ ሲሆን ግማሹ ያህል ድግግሞሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የዶሮ ጂኖም ግን 1 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ድግግሞሹም ከአሥር አንድ እጅ ያህል። ግንደ ቆርቁር ከወፎች ወጣ ይላል፤ ሲአር1 በዝቶበት ከአምስት አንድ እጅ ያልፋል። ስለዚህ የቅርብ ዘመዳሞች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ልዩነት ለመለካት ደግሞ ቁናው መዛባት የለበትም።

ወፎቹን መምረጥ

እኔ የመረጥኩት ደጃፌ ላይ ያሉትን ነው። አንደኛዋ ድፍን ግራጫ ሆና ማጅራቷ ላይ ነጭ ያላት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማትገኝ እርግብ ናት። በተፈጥሮዋ ገደል ላይ ትኖራለች፤ ከተማ ስትገባ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያና ፎቅ ቤት ገደል ይመስላታል። ሁለተኛዋ ዓይኗ ዙሪያ ቀላ ያለች፣ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ ጀርባዋ ወደ ቡናማ ቀይ የሚያደላ ናት። ሦስተኛዋ የታወቀችው የቤት እርግብ ናት፤ ጂኖሟ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ሦስቱም አንድ ወገን ናቸው። እንዲህ ስትመርጡ ቢያንስ አንዷ የታተመ ጂኖም ያላት ብትሆን ሥራው በግማሽ ይቀልላችኋል።

ወፍ ከመያዛችሁ በፊት ወረቀት ጨርሱ። ለመያዙ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ዲኤንኤው ለሲክዌንሲንግ (ፊደሉን በማሽን ለማስነበብ) ከአገር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ አለ። ይህን ወደኋላ ያስቀመጠ ሰው ደሙ ፍሪጅ ውስጥ እያለ ደብዳቤ ሲያመላልስ ይከርማል።

ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ አልያዝኩም። መጠየቅ እንኳ ከበደኝ። አንድ አባት ግን መረቡን ተሸክሜ ሳልፍ አዩኝና «ልጄ፣ እርግብ ምን በደለችሽ?» አሉኝ። «ምንም አልበደለችም አባ፤ ጠብታ ደም ወስጄ እለቃታለሁ» አልኳቸው። «ደሟን ምን ሊያደርግልሽ?» ሲሉኝ ሰዓቱ ሄደብኝ እንጂ እዚያው ቆሜ ትምህርት ልሰጥ ነበር። ወፎቹን የያዝኳቸው ወፍጮ ቤት ግቢ ነው። የሚፈሰውን እህል ለመልቀም ሁለቱም የዱር ዓይነቶች ይመጣሉ። ባለወፍጮው ጋሼ ፈቀዱልኝ፤ «እህሌን ከሚጨርሱት ደማቸውን ውሰጂ» ብለው።

ከክንፏ ሥር ካለው ደም ሥር ጥቂት ጠብታ ይበቃል። የወፍ ቀይ የደም ሴል እንደኛ አይደለም፤ ኒውክሊየስ አለው፤ ስለዚህ ጠብታዋ በዲኤንኤ የታጨቀች ናት። በ96 ፐርሰንት ኢታኖል አስቀምጡ። ኢታኖል ያለቀብኝ ቀን አንድ ተማሪዬ የደምበጫ አረቄ ሐሳብ አቀረበ። ቀልዱን ወድጄዋለሁ፤ አትሞክሩት። ውኃው ይበዛበታል።

«እሷ» ያለችኝ ጣጣ

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ።

የመጀመሪያው ግራፍ ሲወጣ ባለነጭ ማጅራቷ እርግብ ከባለ ነጠብጣቧ ይልቅ የቫይረስ ቅሪቷ በግልጽ በዝቶ ታየኝ። ደጋ ላይ ብቻ የምትኖር፣ ቅሪቷ የበዛ! በልቤ ጽሑፉን ጨርሼ ርዕሱን እያስተካከልኩ ነበር። አማካሪዬ ግራፉን አይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ጾታቸው ምንድን ነው?»

ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩ። «እሷን 3፡40 ላይ ያዝናት።» «እሷ ትንሽ ከሳ ያለች ናት።» «ይቺኛዋ ነከሰችኝ።» በአማርኛ እርግብ ሁሉ «እሷ» ናት። ወንዱም «እሷ» ነው። በመልክም ወንድና ሴቷ አይለዩም። ደብተሬ ሙሉውን በአንስታይ ጾታ ተጽፎ፣ ስለ ጾታ ግን አንድ ቃል የለበትም።

ነገሩ ለምን ከባድ ሆነ? በሰው ወንዱ ኤክስና ዋይ ነው። በወፍ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ወንዱ ሁለት ዜድ አለው፣ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ። ይህች ደብልዩ ክሮሞዞም በወፎች ዘንድ የቫይረስ ቅሪት መሸሸጊያ ናት፤ ከሌላው ክሮሞዞም ይልቅ በጣም ይከማችባታል። ስለዚህ ሴትን ከወንድ ጋር ያወዳደረ ሰው ዝርያ ያወዳደረ ይመስለዋል እንጂ ያወዳደረው ደብልዩን ነው። እኔም ይኸው ነበርኩ። ከአንዷ ዝርያ ሴቶች፣ ከሌላዋ ወንዶች ደርሰውኝ ኖሯል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሲኤችዲ1 የሚባል ጂን በዜድም በደብልዩም ላይ አለ፤ ርዝመቱ ግን ይለያያል። ተራ ፒሲአር (የተመረጠ የዲኤንኤ ቁራጭን የሚያባዛ ዘዴ) ሠርታችሁ ቁራጮቹን በርዝመት የሚለይ ጄል ላይ ስታዩት ለወንድ አንድ መስመር፣ ለሴት ሁለት መስመር ይወጣል። ይህን ከሲክዌንሲንግ በፊት አድርጉት። እኔ ያደረግኩት ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ ከየዝርያው አንድ ወፍ አይበቃም። የሳተላይት ብዛት በአንድ ዝርያ ውስጥም ከወፍ ወፍ ይለያያል፤ ቢያንስ ሦስት ሦስት ወፍ፣ ሁሉም አንድ ጾታ።

የእናንተ ጥናት በዘማሪ ወፎች ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በእነሱ የዘር ፍሬ ሴሎች ውስጥ ደምና ጡንቻ ውስጥ የሌለ አንድ ትርፍ ክሮሞዞም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ትንሽ ዘማሪ ወፍ ላይ ታየ፣ በኋላም በተፈተሹት ዘማሪ ወፎች ሁሉ ተገኘ። ከአንዷ ዝርያ ደም፣ ከሌላዋ የወንዴ ዘር ፍሬ ወስዶ ማወዳደር ማለት ጤፍን ከነገለባው ከተነፋ ጤፍ ጋር መስፈር ነው። የእርግብ ሰዎች በዚህ በኩል ሰላም ነን።

ጥሬ ዳታውን እኩል መስፈር

ሲክዌንሲንጉን ለሁሉም ናሙና በአንድ ቤተ ሙከራ፣ በአንድ ዓይነት ኪት፣ በአንድ ዓይነት የንባብ ርዝመት አሠሩ። ከተቻለ ፒሲአር የሌለበትን ዝግጅት ጠይቁ። ፒሲአር ጂ እና ሲ የበዛበትን ቁራጭ በደንብ አያባዛም፤ የወፍ ትንንሽ ክሮሞዞሞች ደግሞ ጂ እና ሲ ይበዛባቸዋል። አንዷ ዝርያ በዚህ፣ ሌላዋ በዚያ ከተዘጋጀች ልዩነቱ ከኪቱ ይሁን ከወፏ ማንም አይለይላችሁም።

ሳተላይትን ለማግኘት የተሟላ ጂኖም አያስፈልግም። ይህ ለእኛ ለደኻዎቹ ትልቅ ዜና ነው። ጂኖሙን አንድ ጊዜ እንኳ የማይሸፍን ጥቂት ንባብ ብታነቡ አንዴ ብቻ ያለው ጽሑፍ አይገናኝም፤ ሺህ ጊዜ የተደገመው ግን እርስ በርሱ ይገጥማል። ሪፒትኤክስፕሎረር የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው በዚህ ብልሃት ነው። የሚገጣጠሙትን ሪዶች (ማሽኑ ያነበባቸውን አጫጭር ቁራጮች) በቡድን በቡድን ይሰበስባል። ቼክ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ተመዝግባችሁ በነፃ ትጠቀሙበታላችሁ።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። የእርግብ ጂኖም 1.3 ቢሊዮን ፊደል ነው እንበል። አንድ አሥረኛውን ለመሸፈን 130 ሚሊዮን ፊደል ያስፈልጋል። አንዱ ሪድ 150 ፊደል ከሆነ 130 ሚሊዮን ለ150 ሲካፈል 866,667 ሪድ ገደማ ይሆናል። ከየወፏ ዳታ ውስጥ በዕጣ ይህን ያህል ብቻ ውሰዱ። በዕጣ ነው ያልኩት፤ ከፋይሉ መጀመሪያ ቆርጦ መውሰድ ነውር ነው። የአንዷ ዝርያ ጂኖም ተለቅ ያለ ከሆነ የሪዱም ቁጥር በዚያው ልክ ይጨምር። ከዚያ በየሪዱ ስም መጀመሪያ ላይ የዝርያዋን ባለ ሦስት ፊደል የላቲን ኮድ ለጥፉና ሁሉንም አንድ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት። ኮዱ ርዝመቱ ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ፕሮግራሙ በእሱ ነው የሚለያቸው።

ፋይሉ ተጨምቆ ለአንድ ወፍ በአሥር የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። ማታ ከአምስት ሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ሲለቅ እጭነዋለሁ። ቀን መሞከር ራስን ማስቆጣት ነው።

ውጤቱ ሲመጣ እያንዳንዱ ቡድን በግራፍ ይሳላል። ሳተላይት ክብ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ኳስ ይመስላል። የቁም ጸሐፊው ዓይነት እንደ ክር ይረዝማል። የመጀመሪያ ጊዜ አንድ ውብ ቀለበት አገኘሁ። የፍሬው ርዝመት 5 ሺህ ፊደል አለፍ ይላል፤ በሦስቱም ዝርያ አለ፤ በአንዷ ግን ይበዛል። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ የቤቱ ሰው ሁሉ መጥቶ ቀለበቴን አየ። በማግስቱ በዳታቤዝ ፈለግኩት። ፋይኤክስ ነው! ኢሉሚና በሚባለው የሲክዌንሲንግ ማሽን ላይ ለመቆጣጠሪያ የሚጨመር የባክቴሪያ ቫይረስ። ጂኖሙ 5,386 ፊደል፣ ቅርጹም ክብ። እ.ኤ.አ. በ1977 የተነበበ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነገር። እርግብ ውስጥ በሕይወቱ ገብቶ አያውቅም።

ስለዚህ ቡድን ከማወዳደራችሁ በፊት ፋይኤክስን አውጡ። የሚቶኮንድሪያን ዲኤንኤም አውጡ፤ እሱም ክብ ነው፣ 17 ሺህ ፊደል ገደማ። ጡንቻ ውስጥ ከደም ይልቅ በጣም ይበዛል፤ ናሙናችሁ የተደባለቀ ከሆነ ትልቅ ልዩነት መስሎ ይታያችኋል።

የተገጣጠመ ጂኖም ካላችሁ

ሪዶቹ እርስ በርስ ተቀጣጥለው ሙሉ ጽሑፍ ከሆኑላችሁ ሪፒትሞዴለር የሚባለው ፕሮግራም ድግግሞሹን ይፈልግላችኋል፣ ሪፒትማስከር ደግሞ ይቆጥርላችኋል። ሪፒትሞዴለር ቀናት ይፈጃል። መብራት ሲሄድ ከዜሮ እንዳይጀምር ካቆመበት የሚያስቀጥል አማራጭ አለው፤ መመሪያው ላይ አንብቡት። ይህን ያወቅኩት ሦስተኛ ጊዜ ከዜሮ ስጀምር ነው።

ሁለት ነገር ላይ ብቻ ላተኩር።

አንደኛ፣ የድግግሞሽ መዝገቡ ለሁሉም ዝርያ አንድ ይሁን። ዲፋም በሚባለው የድግግሞሽ ዳታቤዝ ላይ ያለውን የዶሮ መዝገብ ብቻ ይዛችሁ እርግብን ብትቆጥሩ እርግብ ብቻ ያላት ነገር አይቆጠርም። የቤት እርግብን መዝገብ ብቻ ብትይዙ ደግሞ የቤት እርግቧ ሀብታም፣ ሌሎቹ ደኻ ሆነው ይወጣሉ። ከሦስቱም ዝርያ ለየብቻ መዝገብ ሥሩ፣ ከዚያ አዋህዱ። የሚመሳሰሉትን ለማዋሃድ የታወቀው መስፈሪያ የሦስት ሰማንያ ደንብ ነው፦ ቢያንስ 80 ፊደል ርዝመት፣ በ80 ፐርሰንቱ ርዝመት ላይ፣ 80 ፐርሰንት መመሳሰል። ከዚያ በዚያ አንድ መዝገብ ሁሉንም ቁጠሩ።

ማሽኑ ያወጣውን መዝገብ ግን እንዳለ አትመኑ። ብዙውን ጊዜ ጭራው የተቆረጠ ነው። ከየመዝገቡ ዋና ዋናዎቹን ውሰዱ፤ ጂኖሙ ውስጥ 20 ያህል ግልባጫቸውን ፈልጉ፤ ግራና ቀኝ 1,000 ፊደል ጨምራችሁ ቁረጡ፤ ደርድሯቸውና በዓይናችሁ እዩ። መመሳሰሉ ድንገት የሚቆምበት ቦታ ትክክለኛው ጫፍ ነው። አሰልቺ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ግን እኔ የምወደው ይህን ነው፤ ወፏን የምታውቋት እዚህ ላይ ነውና።

ሁለተኛ፣ ጂኖሞቹ የተገጣጠሙበት መንገድ አንድ ይሁን። በአጫጭር ሪዶች የተገጣጠመ ጂኖም ድግግሞሽን ይጨፈልቃል፤ ሃምሳ ግልባጭ እንደ አንድ ይገባል ወይም ጨርሶ ይቀራል። በረጃጅም ሪዶች የተገጣጠመው ግን አብዛኛውን ይይዛል። የድሮውን ከአዲሱ ጋር አወዳድሮ «በዚህች ዝርያ ድግግሞሽ ጨመረ» ማለት የቁናውን ቂጥ አለማየት ነው። አንድ ዓይነት ከሌላችሁ አጠቃላይ ብዛቱን ተዉትና ወደ ጥሬው ሪድ ተመለሱ።

ዕድሜ ለማየት የልዩነት ግራፍ ሥሩ። ቁም ጸሐፊውን አስታውሱ። ትናንት የተገለበጠ ግልባጭ ከእናቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው፤ የቆየው ግን ስህተት ተጠራቅሞበታል። ግራፉ ግራ ጫፍ ላይ ያሉት ልዩነታቸው ዜሮ አካባቢ የሆነ ትኩስ ግልባጮች ናቸው። ለቅርብ ዘመዳሞች የሚጠቅመው ይህ ግራ ጫፍ ነው። በስተቀኝ ያለው ጉብታ ዝርያዎቹ ሳይለያዩ የተገለበጠ የጋራ ውርስ ስለሆነ ለሁሉም ይመሳሰላል። እዚያ ላይ ጉልህ ልዩነት ካያችሁ ወፏን ትታችሁ ቁናውን ፈትሹ።

ሳተላይት ላይ ደግሞ «አላት፣ የላትም» ለማለት አትቸኩሉ። የቅርብ ዘመዳሞች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት የሳተላይት ስብስብ ከአያታቸው ይወርሳሉ፤ አንዷ አንዱን ታበዛለች፣ ሌላዋ ሌላውን። በነጠብጣቧ ዘንድ የለም ያልኩት አንድ ሳተላይት፣ ሙሉ ዳታዋን ስፈልግ ጥቂት ፍሬ ሆኖ ተገኝቷል። ከናሙናው ውጭ ቀርቶ ነው እንጂ ነበር።

የመጨረሻው ነገር፣ ግልባጭ የገባበት ቦታ። ሁለት ዝርያ ላይ አንድ ቦታ የገባ አንድ ዓይነት ግልባጭ ካገኛችሁ ከአንድ አያት የወረሱት ሊሆን ይችላል። ግን እርግቦች ይዳቀላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሥራ እንዳሳየው አንዳንድ የቤት እርግቦች ክንፍ ላይ የሚታየው ዥንጉርጉር መልክ ከዚያችው ከአፍሪካዋ ነጠብጣብ እርግብ በመዳቀል የገባ ነው፤ ኤንዲፒ በሚባል ጂን አካባቢ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ከየት የመጣች የቤት እርግብ እንደያዝኩ ዓይኔን ገልጬ ማየት ጀመርኩ። ክንፏ ላይ ሁለት መስመር ያላት ለብቻ፣ ዥንጉርጉሯ ለብቻ ትመዝገብ፤ ፎቶም ይነሳላት።

የሰፈራችን ልጅ ጣሪያው ላይ በሳጥን ሁለቱንም ዓይነት ያረባል። ባለ መስመሯን በነፃ ሰጠኝ። ዥንጉርጉሯን ሲያወጣ ግን «እቺ ትወደዳለች፣ እትዬ» አለኝ። ደም ወስጄ የምመልሳት መሆኑን ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ኪራይ» አለ።